ዱላውን ከእጅህ እቀበላለሁ

የአያ በሪሁን የሕይወት ታሪክ ሲነበብ እኔ ከመቃብራቸው ጉድጓድ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። የሚያነበው ባለድርጅቱ ነው፤ ሁለታችንም የሠራንለት የጉብኝት ድርጅት ባለቤት። ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ለጥፎ፣ ወረቀቱን በጥቁር መነጽሩ እያየ፣ “አካባቢያችንን ለዓለም ያስተዋወቁት አባታችን፣ እርጅና ሲጫናቸው ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለተተኪው ትውልድ አስረክበዋል” አለ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። ተተኪው ትውልድ የተባልኩት እኔ ነኝ።

በገዛ ፈቃዳቸው አለ። አፈሩ እኮ ገና አልተመለሰባቸውም። የሞተ ሰው አይመልስ፣ አይከራከር፣ እንደፈለጉ ይዋሹበታል። ዙሪያዬን አየሁ። ጉዳዩን አሳምረው የሚያውቁ ሰዎች እዚያው ቆመዋል፤ ሦስቱ ያኔ ከሥራ ያስወጣቸው ኮሚቴ አባል ነበሩ። አንዱ ነጠላውን አስተካከለ፣ አንዱ ሰማይ ሰማይ አየ፣ አንዱ ስልኩን ነካካ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከሁሉም የከፋው የኔ ነው፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ንዴቴ ሲበርድልኝ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። አርባቸው ወጣ፣ አልበረደልኝም። እንግዲህ እንደተናደድኩ ልጻፈው።

አያ በሪሁን አስጎብኚ ነበሩ። የከተማውን አብያተ ክርስቲያናት የሚያስጎበኝ ሰው ሞልቷል፤ እሳቸው የሚወስዱት ወጣ ያለውን ነው። አሸተን ማርያምን፣ ነአኩቶ ለአብን፣ ብልብላን፣ ይምርሃነ ክርስቶስን፣ ጠዋት ከላሊበላ ተወጥቶ ማታ የሚገባበትን መንገድ ሁሉ። እኛ በሥራችን ቋንቋ ደርሶ መልስ እንለዋለን። እሳቸው ይህን ስም አይወዱትም። “ደርሶ መልስ የሚኬደው ወፍጮ ቤት ነው” ይላሉ። “ይኼ መንገድ ነው።”

ረጅም ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የዜማ ተማሪ ነበሩ፤ ድጓውን ሳይጨርሱ አባታቸው ሞቱና እርሻ ገቡ፣ ከእርሻው ደግሞ በቅሎ እየጎተቱ ከፈረንጅ ጋር ተዋወቁ። ክረምት ከበጋ ከእግራቸው ኮንጎ ጫማ አይወልቅም። እንግሊዝኛቸው ሰባራ ነው፤ “ቀስ በሉ” የምትለዋን ግን በስምንት ቋንቋ ያውቋታል። ዳገት ላይ ቆም ብለው ወደ ኋላ ሲያዩ የተቆጡ ይመስላሉ። ተቆጥተውም ነው። በሕይወት ታሪካቸው ላይ “ገርና ትሑት” ተብለዋል፤ እሱም ውሸት ነው። ቁጡ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ይዞ እርሻ የወረደን ቄስ ከነመስቀሉ ይቆጡታል፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው መስቀሉን ይሳለማሉ።

አንድ ጊዜ አንድ ፈረንጅ ሰዓቱን እያሳየ ቶሎ ቶሎ እንሂድ ብሎ ሲያስቸግር፣ መንገዱ መሐል ቁጭ አሉ።

“ታች ምን ይጠብቀዋል? ጠይቀው” አሉኝ።

ጠየቅኩት። ምሳ ነው አለ።

“ምሳ እግር የለው፣ የት ይሄድበታል? እንዲህ በለው።”

እንዲሁ አልኩት። ሰውየው ሳቀና አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሚያስነሳቸው ጠፋ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ከሥር ያለውን የገብስ ማሳ ሲያሳዩና ሲተያዩ ቆዩ፣ በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አላውቅም። ምሳው በረደ፣ ማንም አልሞተም።

ስለ ዱላዎቹ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እነሱ ናቸው። አያ በሪሁን ብዙ የወይራ ዱላ ነበራቸው። ራሳቸው ቆርጠው፣ ልጠው፣ በእሳት አቃንተው፣ ቅቤ ያጠጧቸው ናቸው። አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። አንዱ አናቱ ላይ ጉጥ አለው፣ አንዱ ወገቡ ጎበጥ ያለ ነው፣ አንዱ ጫፉ በእሳት ጠቁሯል። ጠዋት ዳገቱ ሥር እንግዶቹን ያቆሙና በየተራ ያያሉ፤ ቁመቱን፣ ጉልበቱን፣ ፊቱን። ከዚያ ለዚያ ሰው የሚሆነውን ዱላ መርጠው በሁለት እጃቸው ይሰጡታል። “እንካ፣ ስትመለስ ከእጅህ እቀበላለሁ” ይሉታል፣ በአማርኛ። ልተርጉም ብል አይፈቅዱልኝም። እንግዶቹ ምርቃት ይመስላቸውና እጅ ይነሳሉ።

ሲወርዱ ደግሞ ከሁሉም ኋላ የሚወርዱት እሳቸው ናቸው። ታች ደርሰው፣ ከያንዳንዱ ሰው ፊት ለፊት ቆመው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ ዱላቸውን ከእጁ ይቀበላሉ። ቆጥረው አያውቁም። በኛ አገር ሰው አይቆጠርም፤ የቆጠሩት ይጎድላል ይባላል። ልጆቿን የምትቆጥር እናት የለችም። አያ በሪሁን ይህችን ነገር ጠበቅ አድርገው ነው የያዟት። አንድ ሹፌር ጣቱን እየቀሰረ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ሲል እጁን በዱላ ብለውታል። በቀልድ አልነበረም።

እኔ ያኔ ከሥልጠና የወጣሁ ነኝ። የአስጎብኚነት ባጄ አዲስ፣ ጫማዬ አዲስ፣ ምላሴም አዲስ።

“አያ በሪሁን፣ ሰውን አንቁጠር፣ ይሁን” አልኳቸው አንድ ቀን። “ዱላውን ብንቆጥርስ? አሥር ሰጥተን አሥር ከተመለሰ ሰዉም ተመለሰ ማለት ነው።”

“አይደለም።”

“እንዴት አይደለም?”

“ዱላ እጅ ይቀይራል፣ አበጀ። የሰጠ ነው የሚቀበል፣ ከሰጠው ሰው እጅ። ሌላው እንጨት መልቀም ነው።”

እሺ አልኩ። በልቤ ግን የሽማግሌ ነገር ብዬ ሳቅኩ። ያቺን ሳቅ ዛሬ ባገኛት በጥፊ ነበር የምላት።

ከዚያ ባለድርጅቱ መጣ። የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ቪየና ብዙ ዓመት ኖሮ የተመለሰ። ስሙን አልጠራውም፤ ስሙን ሲጠሩት ደስ ይለዋል። ሚኒባሶች ገዛ፣ ቢሮ ከፈተ፣ እኛንም ቀጠረን። ከዕለታት አንድ ቀን ሆቴል በረንዳ ላይ ሻይ አዝዞልን ንግግር ጀመረ። “ቪየና ላይ” ሳይል አፉን አይከፍትም።

“ቪየና ላይ ሰው ቁርሱን በልቶ ከከተማ ይወጣል። ዳኑብ ወንዝ ላይ በጀልባ ይሄዳል፣ ኮረብታ ላይ ያለ ገዳም ያያል፣ የወይን እርሻ ይጎበኛል፣ አንድ የቆየ ከተማ ይዞራል፣ ለራቱ ቤቱ ነው። አራት ቦታ በአንድ ቀን። እኛ አንድ ተራራ ላይ ቀኑን ሙሉ እንውላለን።”

አያ በሪሁን ብርጭቆውን አስቀመጡ። “ገዳሙ ድረስ መኪና ይገባል?”

“በሩ ድረስ።”

“ባለቁልፉ እርሻ ወርዶ ቢገኝስ?”

“እዚያ በሰዓቱ ይከፈታል፣ በሰዓቱ ይዘጋል።”

“ዳገቱስ? ትንፋሽ አያጥራቸውም?”

“አያ በሪሁን፣ ያ እኮ ሜዳ አገር ነው።”

“እንግዲያ እዚያው አስጎብኛቸዋ” አሉት።

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። በሳምንቱ “አራት በአንድ ቀን” የሚል ፕሮግራም ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ጠዋት አሸተን፣ ከዚያ ነአኩቶ ለአብ፣ ከሰዓት ብልብላና ይምርሃነ ክርስቶስ። አሸተንን ለመውጣትና ለመውረድ የተሰጠው ጊዜ ለፍየል የሚበቃ ነው። መሪ አያ በሪሁን፣ ረዳት አበጀ ይላል። እምቢ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። “እኔ ብቀር የምትመራቸው አንተ ነህ” አሉኝ። “አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ።”

መጋቢት ላይ ነው። እንግዶቹ አሥራ አንድ ናቸው፣ ከዚያው ከቪየና የመጡ፣ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ። አንዷ ነጭ ባርኔጣ ያደረገች ቀጭን ሴትዮ ናት፤ አስተማሪ ነበረች። ደብተር ይዛ በየደረሰችበት ቁጭ ብላ ትሥላለች። አያ በሪሁን “እሜቴ ባርኔጣ” አሏት፣ ጫፉ የጠቆረውን ዱላ ሰጧት። አንድ ጉልበቱን በጨርቅ ያሠረ ግዙፍ ሰውዬም ነበር፤ ለሱ ጎባጣውን ሰጡት። ለሁሉም ያንኑ ቃል ተናገሩ።

መውጣቱን ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑን አየን፣ ቄሱ የብራና መጽሐፉን ገልጠው አሳዩን፣ እንግዶቹ ከገደሉ አፍ ሆነው ላስታን ቁልቁል አዩ። ያኔ ስልኬ ጠራ። ባለድርጅቱ ነው። ዘግይታችኋል፣ አያ በሪሁን ቀድመው ይውረዱ፣ ፒካፑ ታች ይጠብቃቸዋል፣ ነአኩቶ ለአብ ሄደው ባለቁልፉን ቄስ ፈልገው በሩን አስከፍተው ይጠብቁ አለ።

“ዱላውን ማን ይቀበላል?” አሉ አያ በሪሁን፣ ስልኩን ከእጄ ወስደው።

“አበጀ አለ አይደለም እንዴ? ዱላ መቀበል ዲግሪ ይጠይቃል?” ሲል እኔም ሰማሁት።

ስልኩን መለሱልኝ። ቆም ብለው አዩኝ። “ከኋላ ውረድ” አሉኝ። “ከሁሉም ኋላ። ከእጃቸው ተቀበል።”

“እሺ፣ አያ በሪሁን።”

እሺ ብዬ ከኋላ አልወረድኩም። ደመናው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ጠቆረ፣ ባለድርጅቱ ሁለት ጊዜ ደወለ፣ እኔም ሚኒባሶቹን አዙረው ይጠብቁ ብዬ ቀድሜ ሮጥኩ። እንግዶቹ ሁለት ሦስት እየሆኑ ደረሱ። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል፤ ዱላውን እቅፌ ላይ እየጣሉ መኪና ውስጥ ይገባሉ። ጉልበቱ የታሠረው ሰውዬ በሁለት ዱላ መጣ። በነሱ አገር ተራራ የሚኬደው በሁለት ዱላ ነው፤ አውቃለሁ፣ በሥልጠና ተምሬዋለሁ። ሁለቱንም ከእጁ ወሰድኩ። አንደኛው ጫፉ የጠቆረው ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ። አላየሁም ብል ደስ ባለኝ።

ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ሞላ። “ሞልቷል፣ ንዱ” አልኩ። በረዶው ጣሪያውን መደብደብ ሲጀምር ተንቀሳቀስን። በዚህኛው መኪና ያሉት ሴትዮዋ በዚያኛው ውስጥ ያለች መሰላቸው፣ በዚያኛው ያሉት በዚህኛው።

ነአኩቶ ለአብ ስንደርስ አያ በሪሁን ከቄሱ ጋር በሩ ላይ ቆመዋል። በረዶው ወደ ካፊያ ተለውጧል። እንግዶቹ እየወረዱ ጫማቸውን ሲያወልቁ አያ በሪሁን ፊት ፊታቸውን አዩ፣ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ።

“እሜቴ ባርኔጣስ?”

“አለች” አልኩ።

“የት አለች?”

ዞርኩ። ኋለኛውን መኪና ከፍቼ አየሁ። ባዶ ነው። አሁንም እንኳ አፌ ያወጣው ቃል ያሳፍረኛል። “ዱላው ሙሉ ነው፣ አያ በሪሁን” አልኩ። “አሥራ አንድ።”

ቁጡው ሰው አልተቆጡም። “ቆጠርክ?” አሉኝ ብቻ። ከዚያ ፒካፑ ውስጥ ገቡ።

በኋላ እንደሰማነው፣ ሴትዮዋ ቁልቁለቱ አይከብደኝም ብላ ዱላዋን ለዚያ ጉልበቱ ለታመመ ሰው ሰጥታዋለች። ከዚያ ከመንገዱ ወረድ ብላ አንድ ድንጋይ ሥር ተቀምጣ ስትሥል ሌሎቹ አለፏት። ዝናቡ ሲመጣ ተነሳች፣ ድንጋዩ አንሸራተታት፣ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ጮኻለች፤ በረዶው ድምፅዋን ዋጠው። እኔ ከኋላ ብወርድ ኖሮ ከድንጋዩ ሥር አገኛት ነበር።

አያ በሪሁን ዳገቱን ብቻቸውን ወጡ። እንግዶቹን ሆቴል መልሼ እኔ ዳገቱ ሥር ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ከላይ ሲመጡ አየኋቸው። ሴትዮዋን የአንድ ገበሬ በቅሎ ላይ አስቀምጠዋታል፣ ጋቢያቸውን ደርበውላታል፣ እሳቸው በረጠበ ሸሚዝ ናቸው። የተሰበረው እግሯ እንዳይወዛወዝ ከታች በመዳፋቸው ደግፈው፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ጎንበስ ብለው ወረዱት። መኪናው ጋ አሳረፏትና ወደኔ ዞሩ።

“ዱላዋን አምጣ።”

በጠፍር ካሠርኳቸው ዱላዎች መሐል ጫፉ የጠቆረውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ለሴትዮዋ ሰጧት። ያዘችው። ትንሽ ቆይተው፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ ከእጇ ተቀበሉ። “አሁን ተመለስሽ” አሏት። አልተረጎምኩላትም፤ ግን አለቀሰች።

እንግዶቹን የላከው የውጭ ድርጅት አቤቱታ ጻፈ። አንድ እንግዳ ተራራ ላይ ተጥላለችና ተጠያቂው ይነገረን አለ። ባለድርጅቱ ተጠያቂ ማዘጋጀት ነበረበት፣ አዘጋጀ። ኮሚቴ ተሰየመ። በኛ ሥራ ባጅ የሌለው ሰው ለፈረንጅ መንገድ እንኳ ማሳየት አይችልም፤ ጉዳዩ የአያ በሪሁን ባጅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እኔን በምስክርነት ጠሩኝ።

“የቡድኑ መሪ ማን ነበር?”

“አያ በሪሁን።”

“እንግዶቹ ከተራራው ሲወርዱ መሪው የት ነበሩ?”

“ነአኩቶ ለአብ።”

“ቀድመው ሄደው?”

“አዎ።”

ሦስቱም መልስ እውነት ነው። እውነት እውነቱን ደርድሬ ሰው ገደልኩ። ባለድርጅቱ እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው አላለም። እኔ ዱላውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝማ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ባጄ ቢነጠቅ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው፤ ይህን ሰበብ ስንት ጊዜ ለራሴ እንደነገርኩት። ነፍሰ ጡር ሚስት ያላቸው ሰዎችም እውነት ይናገራሉ፤ አይቻለሁ።

“የሚሉት አለ?” ብለው አያ በሪሁንን ጠየቋቸው።

ወደኔ ዞሩ። እንግዶቹን ጠዋት ጠዋት በሚያዩበት ዓይን አዩኝ፤ ቁመቴን፣ ጉልበቴን፣ ፊቴን። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ጠርሙስ አየሁ።

“የለኝም” አሉ። ባጁን ካንገታቸው አወለቁ። ክሩ ቆባቸው ላይ ተያዘ፤ ማንም ተነስቶ አላገዛቸውም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ውጭ ስወጣ ዱላዎቻቸውን በጠፍር አስረው ግድግዳው ጋ አቁመዋቸዋል። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ተመኝቻለሁም። እስሩን ፈቱ፣ ሁሉንም በዓይናቸው አዩ፣ አናቱ ላይ ጉጥ ያለውን አወጡ።

“እንካ” አሉኝ፣ በሁለት እጃቸው። “ስትመለስ ከእጅህ እቀበላለሁ።”

ተቀበልኩ። ምን ማድረግ ይቻላል?

መሪ ሆንኩ። “አራት በአንድ ቀን” የሚለውን ወረቀት ይዤ፣ ኮሮናው እስኪመጣና ከሱ ቀጥሎ ጦርነቱ መጥቶ እንግዳ የሚባል እስኪጠፋ ድረስ፣ ስንቱን ሰው አሯሯጥኩት። የአያ በሪሁን ቤት አሸተን መውጫው መንገድ ዳር ነው። ሳልፍ ደጃቸው ላይ ዱላ ሲልጡ አገኛቸዋለሁ። እንግዶቹ ማን ናቸው ብለው ሲጠይቁኝ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው እላለሁ። ያን ያህል ነው የወረድኩት። አያ በሪሁን “ደህና ዋላችሁ” ይላሉ፣ ከዚያ እጄን ያያሉ። እጄ ባዶ ነው። ዱላው ቤቴ በር ኋላ ነው ያለው።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጋሸና መገንጠያው ላይ ተገናኘን። እሳቸው ፍላቂት ገበያ የዘር ገብስ ሊገዙ ሄደው ሲመለሱ ነው፣ እኔም ከወልዲያ ስመጣ። መኪና እስኪመጣ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን። ከስተዋል። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ አጎረሱኝም።

“አያ በሪሁን” አልኩ። “ያን ቀን ዱላውን…”

እጃቸው ትሪው ላይ ቀረ። ጠበቁኝ። መቼም ሰው እንዲያ ሲጠብቀኝ አላየሁም።

ውጭ ረዳቱ “ላሊበላ፣ ላሊበላ፣ ሁለት ሰው” እያለ መጣራት ጀመረ።

“መኪናው መጣ” አልኩ።

እጃቸውን በቀስታ ሰበሰቡ። “በል ሂድ፣ እንዳያመልጥህ” አሉኝ። “እኔ ገና እበላለሁ።”

ቦታው ለሁለት ሰው ነበር። ብቻዬን ሄድኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች፤ የኔው ስንት ሌሊት አደረ።

ዘንድሮ ከገና በኋላ ሞቱ። ሳንባቸው ነው ተባለ። ከቀብሩ ስንመለስ ባለድርጅቱን መንገድ ላይ ደረስኩበት።

“ያነበብከው ውሸት ነው” አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። “ለክብራቸው ብዬ ነው። ባጃቸውን ተነጥቀው ብዬ በለቀስተኛው መሐል እንዳነብላቸው ትፈልጋለህ?”

“አንተ ነህ ያስነጠቅካቸው። ቀድመው ይውረዱ ያልከው አንተ ነህ።”

“እኔ ነኝ” አለ፣ ምንም ሳያፍር። “ዱላውን የተቀበለውስ ማን ነው?”

በዚህ ዓለም ላይ ከሱ አፍ የወጣ አንድ እውነት ቢኖር ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ዱላውን ከበሩ ኋላ አነሳሁ። አቧራውን ጠረግኩ፣ ቅቤ ቀባሁት። የቅሬው፣ የእድሩ፣ ድንኳን ውስጥ ስገባ ሰው ሞልቷል፤ ቄሶቹ አሉ፣ ጎረቤቱ አለ፣ ከኮሚቴው ሰዎች ሁለቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የአያ በሪሁን ባለቤት እቴ ዝማም ጥግ ላይ፣ ጥቁር ለብሰው፣ መሬት ላይ ናቸው። ከኋላቸው፣ ድንኳኑ የተጠጋበት የቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ዱላዎቹ በጠፍር እንደታሠሩ ቆመዋል።

ቆሜ ተናገርኩ። ተቀመጥ ሲሉኝ አልተቀመጥኩም። “አያ በሪሁን ሴትዮዋን አልጣሏትም” አልኩ። “ዱላዎቹን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከኋላ ውረድ ብለውኝ ቀድሜ ወረድኩ። ከአንድ ሰው እጅ ሁለት ዱላ ወሰድኩ። ቆጠርኩ። በኮሚቴው ፊት ዝም አልኩ፣ እሳቸው በኔ ፈንታ ተባረሩ።” ድምፄ እንደ ልጅ ተሰባበረ፣ ግን ጨረስኩት። የኮሚቴው ሰዎች አቀረቀሩ። አንድ ሽማግሌ “ሞተው ሲያበቁ?” አሉ።

እቴ ዝማም ፊት ተንበረከክኩና ዱላውን በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው።

“ስትመለስ እቀበላለሁ ብለውኝ ነበር” አልኩ።

ዱላውን አዩት። ጉጡን አወቁት። እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጡም።

“እኔ ምን ብዬ እቀበልሃለሁ፣ አበጀ?” አሉኝ፣ ሳይቆጡ። “እኔ አልሰጠሁህም።”

ከተንበረከክኩበት ተነሳሁ። ከዚያ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ።